እግር ያወጣ ፊውዝ

ካትሱራ፣ ጥር 9

ለተከበሩ አቶ ኢሶበ ጌንጂሮ፣

እዚህ ባሕሩ ዳር ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ እናንተ ተራራማው አይዙ ሆናችሁ በረዶ ጣራችሁ ላይ የተከመረባችሁ ሰዎች ምን ትሉ ይሆን? ጤናዎስ እንዴት ነው? ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሱቅዎን ዘግተው ትውልድ ቀዬዎ የገቡ ሰው ነዎት። የማያውቋት ሴት «ጠመንጃ ተበላሸብኝ» ብላ ፖስት ካርድ ስትልክልዎ ካርዱን ምድጃ ውስጥ ቢጨምሩት እንኳ አልቀየምም ነበር። እርስዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መለሱልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

«ጠመንጃው የማን ነው? ለምን እርስዎ ይጽፋሉ? ሰፈሩ ውስጥ ጠጋኝ ጠፋ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። በተራ ልመልስ።

ጠመንጃው የባለቤቴ የኪዮሃሩ ነው። ከእርስዎ ሱቅ የገዛው፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ነጫጭ የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ የጨዋታ ጠመንጃ። ባለቤቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ገብቶ ጦርነት ይጫወታል። «ሰው ሲያረጅ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል» እያልኩ ስቄበታለሁ፤ ጭቃውንም ሳጥብ ኖሬአለሁ። አሁን ያ ጭቃ ናፈቀኝ።

ባለፈው መኸር ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰ፣ እጁም ተመለሰ፤ ዝምታው ግን አልለቀቀውም። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ፣ ማክሰኞና ዓርብ የማገገሚያው መኪና መጥቶ ከሚወስደው በቀር፣ የቤቱን ደፍ አላለፈም። እዚያም ቢሆን እጅና እግሩን አሠርቶ ዝም እንዳለ ይመለሳል። ከኔ ጋር እንኳ የሚያወራው በወረቀት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ምን አለኝ መሰለዎት፦ «ምላሱ የሚፈታው ሲያወራ ነው። እንዲህ ዝም ብሎ ከከረመ እንደታሰረ ይቀራል»።

የቡድናቸው አለቃ ናጋሴ፣ የአኩሪ አተር ቶፉ ሻጩ፣ በየእሁዱ እየመጣ «ጋሼ፣ ለፀደዩ ጨዋታ ይመጣሉ አይደል?» ይለዋል። ይህን ቼሪው ሲያብብ የሚደረገውን ጨዋታ የጀመረው ራሱ ኪዮሃሩ ነው። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት፦ «ጠመንጃዬ ተበላሽቷል»። ናጋሴ «ይስጡኝና ላሠራልዎት» ሲለው እጁን ያወናጭፋል። አንድ ዓርብ እሱ በሌለበት አውርጄ ምላጩን ሳብኩት። እውነቱን ነው፤ ድምፅ የለውም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ጠመንጃው ከተሠራ ሰበብ አይኖረውም፤ ሰበብ ካጣ ይሄዳል፤ ከሄደ ያወራል። ሱቅ እንዳልወስደው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ፊት ለፊቱ ነው የሚውለው፤ ከቦታው ቢጠፋ ወዲያው ያውቃል። እኔ ከኤሌክትሪክ ነገር የማውቀው የሩዝ ማብሰያ መሰካት ብቻ ነው። ይርዱኝ።

የአገራችንን ኦቾሎኒ አብሬ ልኬያለሁ። የእጅ ጽሑፌን አይዩብኝ።

ሙራኮሺ ሃትሱኤ


አይዙ፣ ጥር 16

ለወይዘሮ ሃትሱኤ፣

በረዶው ከመስኮቱ ከፍ ብሏል። እኔ ደህና ነኝ።

ስልክ ቁጥርዎን ጽፈውልኛል፤ አልደውልም። ጆሮዬ ከዘጋ ቆይቷል። ሱቁን የዘጋሁትም በዚሁ ነው፤ ሞተር ሲያጓራ የማይሰማ ጠጋኝ ምን ያደርጋል። አሁን እህቴ ቤት ነው ያለሁት፤ እሷ ስትቆጣ አለመስማት ጥቅም አለው። እኛ በወረቀት እንነጋገራለን።

ባለቤትዎን በደንብ አስታውሳቸዋለሁ። አንዲት ብሎን ሊገዙ መጥተው ግማሽ ቀን የሚቀመጡ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ያኔ ጆሮዬ ሙሉ በሙሉ አልሄደም ነበር። ድምፃቸው የአውቶቡስ ነጂ ድምፅ ነው፤ ከሱቄ ደንበኞች ሁሉ ጆሮዬን ሳልቀስር የምሰማው የሳቸውን ብቻ ነበር።

ወደ ሥራው እንግባ። ሁልጊዜም መጀመሪያ የጥይት ካዝናውን ይንቀሉ። መነጽር ያድርጉ። ባዶ ነው ብለው ወደ ድመት እንኳ አያነጣጥሩ።

ምላጩ ሲሳብ የሚያጉረመርም ጠመንጃና ጭራሽ ዝም የሚል ጠመንጃ በሽታቸው ለየቅል ነው። የሚያጉረመርመው ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ ደርሶለታል፣ ጉልበት ነው ያጣው። ዝም ያለው ግን መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተቆርጦበታል። የእናንተ ዝም ያለው ነው። ቧንቧ ሲደርቅ ከታንከሩ ጀምሮ ቱቦውን ተከትሎ መምጣት ነው እንጂ ግድግዳ ማፍረስ አይደለም። ስለዚህ ከባትሪው እንጀምር።

የሞተር ሳይክል ፍሬቻ አምፖል ይግዙና ሁለት ሽቦ ያስይዙት። የባትሪውን ስፒና ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦዎቹ ጫፍ ይንኩ። ከበራ ባትሪው ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ከእጀታው ሥር ያለችውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትተው ሞተሩን ያውጡ። የቡና ስኒ አይበልጥም። በቀጥታ ከባትሪው ጋር ለቅጽበት ያገናኙት። መዞር አለበት። አጥብቀው ይያዙት፤ ይዘላል።

የሆነውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ።

ኢሶበ


ካትሱራ፣ ጥር 25

ለተከበሩ አቶ ኢሶበ፣

አምፖሉ በራ። እንዴት እንደበራ ቢያዩ፤ በዚህ ዕድሜዬ መብራት አየሁ ብዬ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሞተሩም ዞረ። «ይዘላል፣ አጥብቀው ይያዙት» ብለውኝ ነበር፣ አጥብቄ የያዝኩ መስሎኝ ነበር። ከእጄ አምልጦ ፍሪጁ ሥር ገባ። እኔም በሆዴ ተኝቼ በመጥረጊያ እንጨት ስጎረጉር የማገገሚያው መኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ያን ዕለት ቀደም ብሎ መጣ። ኪዮሃሩ በር ላይ ቆሞ አየኝ። «ሽንኩርት ወደቀብኝ» አልኩት። ሽንኩርት የሚቀመጠው ሌላ ክፍል መሆኑን ያውቃል። ከንፈሩ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ሳቅ ይሁን ሕመም አልለየሁም። ሞተሩን በማግስቱ እሱ ገላውን ሲታጠብ አውጥቼ መልሻለሁ።

ከደብዳቤዎ በኋላ በላኳት ካርድ ላይ ለጠየቁኝ፦ የተቃጠለ ሽታ የለም፤ ሽቦውም ሲነካ አይሞቅም። ጣቱ ምላጭ መሳብ ይችላል ወይ ላሉትም፣ የጫማውን ክር ራሱ ያስራል፣ ቾፕስቲክም ይይዛል። ሌላ አንድ ጥያቄም ነበረችዎ፤ እሷን ዛሬ ልዝለላት፣ አይቀየሙኝ።

የላኩልን የደረቀ የካኪ ፍሬ እንደ ማር ይጣፍጣል። ኪዮሃሩ ከየት መጣ ብሎ ጻፈልኝ፤ «ከዘመድ» አልኩት።

ሃትሱኤ


አይዙ፣ የካቲት 1

ለወይዘሮ ሃትሱኤ፣

ጎበዝ ነዎት። ፍሪጅ ሥር የገባ ሞተር እኔም ሱቅ ነበረኝ፣ እስከ ዛሬ አልወጣም። ስለ ኦቾሎኒው አመሰግናለሁ፤ ጥርሴ አልቻለውም፣ እህቴ ወቅጣ ከሚሶ ድልህ ጋር ለውሳልኛለች፣ በየጠዋቱ ከሩዝ ጋር እየበላሁት ነው።

ባትሪው ደህና፣ ሞተሩ ደህና። ስለዚህ የተቆረጠው መሀል ላይ ነው። መሀል ላይ ያሉት ሽቦው፣ የምላጩ ማገናኛና ፊውዙ ናቸው። ከቀላሉ እንጀምር።

ግራ እጅ ደግፎ የሚይዘውን፣ ከአፈሙዙ ወዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያውልቁ። ባትሪው ከሚተኛበት ጎን የትንሽ ጣት ግማሽ የምታህል ጥቁር ቱቦ አለች። ሲጠመዝዟት ለሁለት ትከፈላለች። ውስጧ የመስታወት ፊውዝ አለ፤ በውስጡ ፀጉር የመሰለች ክር ታልፋለች። ክሯ ከተበጠሰች ወይም መስታወቱ ከጠቆረ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ከባትሪው ጋር ይዘው ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ቢሄዱ ይሰጡዎታል። ክሯ ደህና ከሆነች ይንገሩኝ፣ ወደ ምላጩ እንሄዳለን።

ኢሶበ


ካትሱራ፣ የካቲት 8

ጋሽ ኢሶበ፣

ስለ አየሩ ሳልጠይቅ በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ። ተናድጃለሁ።

ቱቦዋን አገኘኋት። ጠመዘዝኳት፣ ተከፈተች። ባዶ ናት። «ክሯ ተበጥሳለች ወይስ ደህና ናት?» ነበር ያሉኝ፤ ክር የለ፣ መስታወት የለ። ስከፍታት ወድቆ ይሆናል ብዬ የወለሉን ምንጣፍ፣ ታታሚውን፣ አንስቼ ሥሩን ጠረግሁ። ካልሲዬን ሳይቀር አራገፍኩ።

ትናንት ደግሞ የኪዮሃሩን የማንበቢያ መነጽር ልወለውልለት ማኅደሩን ስከፍት፣ ከጨርቁ ሥር አንዲት የተጠቀለለች ስስ ወረቀት አየሁ፤ ልጅ የነቀለውን ጥርስ እናት እንደምትጠቀልለው። ፈታኋት። ፊውዙ ነው። ክሩ ደህና፣ መስታወቱ ጥርት ያለ።

እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ፊውዝ እግር አውጥቶ መነጽር ማኅደር ውስጥ ይገባል? እኔ ፍሪጅ ሥር በሆዴ ስሳብ፣ የእግዜርን ሰው በበረዶ ደብዳቤ እያስጻፍኩ ሳስቸግር፣ ሰውየው ራሱ ነቅሎ ደብቆታል። በሰላሳ ዓመት ትዳራችን አንዴ ዋሽቶኝ አያውቅም ብዬ የምፎክርበት ሰው ነበር። ናጋሴ ምስኪኑ በየእሁዱ ቶፉ ተሸክሞ እየመጣ «ጠመንጃው አልተሠራም ወይ?» ይላል።

ፊውዙን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ማክሰኞ ከማገገሚያ ሲመለስ ናጋሴን ጠርቼ፣ ምላጩን ፊታቸው ስቤ፣ «በል እንግዲህ፣ ተሠርቷል» እለዋለሁ። እስቲ ምን እንደሚጽፍ አያለሁ።

ሃትሱኤ


አይዙ፣ የካቲት 10 (በፈጣን ፖስታ)

እህቴ ሃትሱኤ፣

እህቴ ስላልኩዎት ይቅርታ፤ ለሌላ ሰላምታ ጊዜ የለም። ይህ ማክሰኞ ሳይደርስ እንዲደርስዎት ፖስታ ቤት በበረዶ ሄጃለሁ። ፊውዙን አይመልሱት። ወረቀቱን እንደነበረ ጠቅልለው ማኅደሩ ውስጥ ያስቀምጡት።

እንዴት እንደተናደዱ ገብቶኛል፤ መብትዎም ነው። ግን ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ባሕሩ በራችሁ ላይ ነው። መተው የፈለገ ሰው ፊውዙን ከመስኮት ይወረውረዋል። እሳቸው በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለው፣ በየቀኑ ከሚከፍቱት ማኅደር ውስጥ፣ ዓይናቸው ሥር አስቀመጡት። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ የተነቀለ ፊውዝ አይቻለሁ፣ እንዲህ በክብር የተቀመጠ ግን አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ያ የሚጫወቱበት ሜዳ ሕግ አለው። ጥይቱ ቀለም የለውም፤ ልብስ ላይ ነጥሮ ይወድቃል፣ ምልክት አይተውም። የተመታው ሰው ራሱ እጁን አንስቶ «ተመታሁ» ብሎ ጮኾ ይወጣል። የመታው ሰው እንኳ «አንተ ተመተሃል» አይለውም፤ ነውር ነው። ናጋሴን ጠርተው ምላጩን ፊታቸው ቢስቡ፣ በሳቸው ፋንታ የጮኹባቸው እርስዎ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ጫካውን ጨርሶ አያዩትም።

የሚፈሩት ነገር አለ። እጃቸው ካልሆነ ምንድን ነው? ባለፈው የዘለሏት ጥያቄ «ድምፃቸው እንዴት ነው?» የምትል ነበረች። አሁን ይመልሱልኝ።

ኢሶበ


ካትሱራ፣ የካቲት 19

ጋሼ፣

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰ። ፊውዙን አልነካሁም። ናጋሴንም አልጠራሁም። ማክሰኞ ኪዮሃሩ ሲገባ እንዳላወራ አፌን በሾርባ ሞላሁት። በበረዶ ፖስታ ቤት ድረስ መሄድዎን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከእንግዲህ እንዲህ እንዳያደርጉ፣ ደግሞም አመሰግንዎታለሁ።

ጥያቄዋን የዘለልኳት ስለማላውቅ አይደለም። መጻፍ አቅቶኝ ነው። እርስዎ «የአውቶቡስ ነጂ ድምፅ» ሲሉ አለቀስኩ። ያ ሰው በየጠዋቱ የሕፃናቱን ስም ከመሪው ላይ ሆኖ እየጠራ ነበር የሚቀበላቸው፤ ከሁለት መታጠፊያ ወዲያ ይሰማ ነበር። አሁን ድምፁ ወፍራምና የተጎተተ ሆኗል፣ ቃሉ አፉ ውስጥ ይንከባለልና ግማሹ ይቀራል። ሆስፒታል ሳለ አንድ ጊዜ ውኃ ለምኖ ነርሷ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ነው።

የሜዳውን ሕግ ከነገሩኝ በኋላ ጆሮዬ ተከፈተ። ገላውን ሲታጠብ ውኃውን ለምን ያን ያህል እንደሚያስጮኸው ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ዓርብ ፎጣ ላቀብል ብዬ በሩ ጋ ቆምኩ። ከውኃው ሥር ድምፁን ሰማሁ። «ታ…» ይላል። ያርፋል። «ታ… ማሁ»። እንደገና። ፎጣውን በሩ ላይ ሰቅዬ ተመለስኩ።

ናጋሴን በዘዴ ጠየቅሁት። «ተመትቶ ተመታሁ ያላለ ሰው እናንተ ጋ ምን ይባላል?» አልኩት። «ዞምቢ ነዋ፣ እትዬ» አለኝ። «ሞቶ የሚራመድ። ከዚህ የከፋ ስድብ የለንም። አንድ ሰው ዞምቢ ከተባለ ማንም አብሮት አይጫወትም። ይህን ያስተማሩን እኮ ጋሼ ኪዮሃሩ ናቸው።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝና ገባው። «እኛ እኮ እጃቸውን ብቻ ቢያነሱልን ይበቃናል» አለ። እንደሚበቃቸው አውቃለሁ። ባሌን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ በሰው ምሕረት አይጫወትም።

ለካ ጠመንጃው ድኖ እሱ ዞምቢ ከሚባል፣ ጠመንጃው ሞቶ ቢቀር መረጠ። ንዴቴ ሁሉ ጠፋ። ጨዋታው ቀርቧል፣ ጋሼ። ምን ላድርግ?

ሃትሱኤ


አይዙ፣ የካቲት 27

ለተከበሩ አቶ ሙራኮሺ ኪዮሃሩ፣

በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። እርስዎ ጋ ፕለሙ አብቦ እንደሆን እገምታለሁ።

ሱቄ ውስጥ ብሎን ሊገዙ መጥተው ሲያጫውቱኝ የነበሩት ደንበኛዬ ነዎት። ባለቤትዎ ኦቾሎኒ እየላኩ አድራሻዎን ሰጥተውኛል። አሁን ውለታ ልጠይቅዎ ነው የጻፍኩት።

እኔም በጉብዝናዬ እጫወት ነበር። ጆሮዬ መድከም ሲጀምር ሌሎች «ተመታሁ» ሲሉ አልሰማም፤ እየወጡ ያሉ ሰዎች ላይ እተኩሳለሁ። አንድም ሰው ቅር አላለኝም፣ እኔ ግን አፈርኩ። ጠመንጃዬን ሸጥኩና የሌሎችን መጠገን ያዝኩ። ሰውም ሥራ በዝቶበት ነው አለ፣ እኔም እንደዚያ ይምሰላቸው አልኩ። ጫካው አሁንም ይናፍቀኛል።

ሰሞኑን እጄ ሥራ ፈትቶ አንድ ዕቃ ሠራሁ፤ በዚህ ጥቅል ውስጥ አለ። የተመታ ሰው በአውራ ጣቱ ሲጫናት ትንሽ ደወል ትጮኻለች፣ ቀይ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። መብራቱን አያለሁ። ደወሉ ይጩህ አይጩህ ግን አላውቅም። እህቴ «ይጮኻል» ትለኛለች፣ እሷ ግን ሁሉም ነገር ይጮኽባታል። ጆሮ ያለውና ሜዳውን የሚያውቅ ሰው ሞክሮ ይንገረኝ፦ ከዛፍ ጀርባ ይሰማል? በጓንት ይጫናል?

የምትሠራው በጠመንጃው በራሱ ባትሪ ነው። ሁለቱን ሽቦዎች ከፊውዙ ቱቦ ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ በሚሄደው በኩል ያገናኙ። ስለዚህ አስቀድመው ፊውዙ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ፤ ያለዚያ አትሠራም። አይቸኩሉ።

ኢሶበ ጌንጂሮ


ካትሱራ፣ መጋቢት 6

ለአቶ ኢሶበ፣

ጽሑፌ ይንቀጠቀጣል። ይቅርታ።

ደወሉን ገጠምኩ። አልጮኸም፤ መብራቱም አልበራም። ባትሪውን አየሁ፣ ደህና ነው። ሽቦውን አየሁ፣ ደህና ነው። ፊውዙ በቦታው አልነበረም። መለስኩት። አሁን ይጮኻል።

ድምፁ የታነቀ ዳክዬ ይመስላል። ከአትክልቱ ቦታ ማዶ ይሰማል። በጓንት ይጫናል፤ ቁልፉ ግን ትንሽ ወደ ግራ ቢሄድ ይሻላል። ራሴ አዛውሬዋለሁ።

ለጨዋታው ገና አልወሰንኩም።

ባለቤቴ ፍሪጁ ሥር ምን ትፈልግ እንደነበር አውቃለሁ። ሽንኩርት አልነበረም። እባክዎ እንዳወቅሁ አይንገሯት፤ ብዙ ለፍታለች።

እርስዎ ሜዳውን ሲተዉ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀዎትም? እኔን በየእሁዱ ይጠይቁኛል። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ሙራኮሺ ኪዮሃሩ


ካትሱራ፣ መጋቢት 13

ጋሼ፣

ምን ብለው እንደጻፉለት አላውቅም፤ ደብዳቤዎን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፣ አያሳየኝም። የመነጽር ማኅደሩን ግን አየሁት። ወረቀቷ አለች፣ ፊውዙ የለም። እኔም ምንም እንዳላየ ሰው መነጽሩን ወልውዬ መለስኩ። ውለታዎን በምን እከፍላለሁ? ኦቾሎኒ እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ ሌላ ግን የለኝም፤ በዚህ ጥቅል የተወቀጠውን ልኬያለሁ።

አንድ ነገር አለ፤ ልነግርዎት አልፈለግሁም ነበር፣ የለፉበትን ማጣጣል እንዳይሆንብኝ። ደወሏን ወደዳት። ከልክ በላይ ወደዳት። ሻይ ሲፈልግ ይጫናታል። ሾርባው ጨው ሲያንሰው ሁለቴ ይጫናታል። ናጋሴ መጥቶ «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» ሲለው ዳክዬዋን አስጮኸለት፤ ናጋሴ እስኪያነባ ሳቀ፣ እሱም ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ቤታችን ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜው። ማታ ግን አሰብኩት። በፊት በወረቀት ነበር፣ አሁን በዳክዬ ሆነ። ገላውን ሲታጠብም ውኃው አይጮኽም፤ መለማመዱን ትቷል። ጫካው ቢሄድም ምላሱ እንደታሰረ ይቀራል ማለት ነው። የልቤን ልንገርዎ ብዬ ነው እንጂ ወቀሳ አይደለም።

ሃትሱኤ


አይዙ፣ መጋቢት 17 (ፖስት ካርድ)

እህቴ ሃትሱኤ፣

ጥፋቱ የኔ ነው፤ በጣም ጥሩ አድርጌ ሠርቻታለሁ። አይንቀሉባቸው። ሲጫኗት ግን ሻይ አያምጡ። «ምን?» ይበሉ። ደግመው ከተጫኑ ደግመው «ምን?» ይበሉ። እኔ ደንቆሮ ሆኜ ስኖር ሰዉ ሁሉ ያማረረው በዚህች ቃል ነው፤ ጉልበት አላት።

ኢሶበ


ካትሱራ፣ መጋቢት 29

ለጋሽ ኢሶበ፣

ቼሪው መርገፍ ጀምሯል። በጤናዎ እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

የላኩልኝን ደወል በዚህ ጥቅል መልሻለሁ። አልተሰበረችም። ምክንያቱን ልግለጽ።

እሁድ ሄድኩ። ሃትሱኤ ሰሞኑን ደወሏን በተጫንኩ ቁጥር «ምን?» እያለች ሻይ ከልክላኝ ስለነበር ቤት ከመዋል ይሻላል ብዬ ነው። እሷም ተከትላኝ መጥታ ከሜዳው መከለያ መረብ ጀርባ ቆመች። ጠመንጃው ሠራ፤ ከድሮው ይበልጥ ሠራ፣ ሞተሩን የሆነ ሰው አውጥቶ በደንብ አጽድቶታል መሰለኝ።

በመጀመሪያው ዙር ቀርከሃው ጋ ነበርኩ። ከኪሚትሱ ከመጡት ተጋጣሚዎች አንዷ ደረቴን አገኘችኝ። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩም። ለምን እንደሆነ በትክክል አላውቅም። እርስዎ ድምፄን ጆሮዎን ሳይቀስሩ ይሰሙ እንደነበር ሃትሱኤ ነግራኝ ነበር፤ እሱን እያሰብኩ ነበር። እጄን አንስቼ ጮኽኩ።

ቃሉ ልክ አልወጣም። «ታማሁ» ነው ያልኩት፤ መሀሉ ጠፍቷል። ግን ትልቅ ነበር። ጫካው በሙሉ ተኩስ አቆመ። ናጋሴ ከማዶ ነበር፤ ምንም እንዲልልኝ አልፈለግሁም። ጠመንጃዬን ከራሴ በላይ ይዤ በሰዎቹ መሀል አልፌ ወጣሁ። የመታችኝ ሴት ዙሩ ሲያልቅ መጥታ ጎንበስ አለችና «ጥርት አድርጌ ሰማሁዎት፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ብዙ ጊዜ ተመታሁ። ሁሉንም ጮኽኩ። አሁን ጉሮሮዬ ታሟል።

ስለዚህ ደወሏ ለሌላ ሰው ትሁን። መብራቱን ግን ፈትቼ አስቀርቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለናጋሴ አሳየሁት። ቡድኑ ተነጋግሮ እያንዳንዳችን አንዳንድ ትከሻችን ላይ እንድናስር ተስማምተናል። ስንመታ እንጮኻለን፣ መብራቱንም እናበራለን። ማን እንደወጣ ያያሉ እንጂ መስማት አይጠበቅብዎትም። ለሁላችንም የሚበቃ መብራት ይሥሩልን። የመኸሩ ጨዋታ ላይ ቦታ ተይዞልዎታል። ጠመንጃዎን ሸጠዋል ብለዋል፤ የኔን በፈረቃ እንይዛለን፣ ፊውዙ በቦታው ነው።

ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።

ኪዮሃሩ

በጠርዙ ላይ፦ ጋሼ፣ ሃትሱኤ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት እሱ ራሱ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀ። አንዲት ቃል አልዘለለም።